ጠረጴዛ ላይ የቀሩ መጽሐፎች

የቀኝ ጫማዬ ሶል ሦስት ቀን ሙሉ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋብኝ ታግሼዋለሁ። በአራተኛው ቀን ትዕግሥቴም ሶሉም አንድ ላይ ተገነጠሉና መንገዱ ከሚታጠፍበት ጥግ ወዳለችው የጫማ ሰፊው ጠባብ ሱቅ ገብቼ፣ አንድ እግሬን ከነካልሲው አንጠልጥዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማ ሰፊው እጁ ሲሠራ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ወሬ ካገኘሁ ምሳዬን እረሳለሁ። ገና ስለ ቤት አከራዩ ጀምሮልኝ መሐል ሳይደርስ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሃምሳን የረገጠች ሴት ገባች።

የያዘችው ጫማ አልነበረም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ወፍራም ነገር እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ጋዜጣውን ገልጣ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጠው ጀርባው ተገንጥሎ ሆዱ ሊፈስ የደረሰ፣ ባለ ጠንካራ ሽፋን ትልቅ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ።

«እንደ ባለፈው ነው?» አላት ጫማ ሰፊው፣ ምንም ሳይገረም።

«እንደ ባለፈው። ግን አደራህን አታጥብቀው። አራተኛውን ቅጽ እንደ ወታደር ቦት ጫማ ነው ያጠነከርክብኝ፤ ለመክፈት ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

«እትዬ፣ ሰው ስፌቴ ጠነከረ ብሎ ሲያማኝ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

«ጫማ ይረገጣል፣ ይኼ ይገለጣል። ልዩነቱን እወቅ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ካልሲዬን አየች። ካልሲዬ ደግሞ፣ አልደብቅም፣ በአውራ ጣቱ በኩል ትንሽ መስኮት ነበረው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ተራዎን ልነጥቅዎት ነው። አንድ አዛውንት ይህን ሰባተኛ ቅጽ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።»

«ምንም አይደለም፣ በዚህ እግሬ የትም አልሄድም» አልኳት። «ስድስቱን ጨርሰው ነው?»

«ትናንት ጨረሱ። በዘጠኝ ዓመት።»

«ስንት ቅጽ ነው በጠቅላላው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ዕድሜያቸውስ?»

«ሰማንያ አንድ። እሳቸው ያልቸኮሉትን እርስዎ ምን አስቸኮለዎት?»

ጫማ ሰፊው ወስፌውን እንደያዘ እስኪያስለው ሳቀ። የጎረቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መሆኗን፣ ሰፈሩም «እትዬ ጸጥታ» እንደሚላት የነገረኝ እሱ ነው። ስሙ የወጣላት ጸጥ ስለምትል እንዳይመስለኝም አስጠነቀቀኝ። ጠረጴዛዋ ላይ «ጸጥታ» የሚል የእንጨት ጽሑፍ ቆሞ፣ እሷ ከኋላው ተቀምጣ ያዩ ትናንሽ ተማሪዎች የስም ሰሌዳዋ መስሏቸው ነው። «በዚያ ሕንፃ ውስጥ» አለኝ፣ «ከእሷ የበለጠ የሚያወራ ቢኖር እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የምሄደው በወር አንዴ ነው።»

ስፌቱ አለቀ። ጀርባው በማስቲሽ ተለጠፈ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ግን መጽሐፉ ግራና ቀኝ ተጨምቆ መያዝ አለበት። እሷ ሌላ እሽግ ወረቀት ስለያዘች፣ እኔም ጫማዬ ተጠግኖ ሁለት እግር ስላገኘሁ፣ ሰባተኛውን ቅጽ በሁለት መዳፎቼ መሐል ጨምቄ ተከተልኳት። መንገዱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በመድኃኒት ቤትና በጎሚስታ መሐል ያለ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ነው። በሩ አጠገብ ቧንቧ አለ። ቱታ የለበሰ መካኒክ እጁን በሳሙና አጥቦ ሲጨርስ መዳፉን ፊትና ኋላ ገልብጦ አሳያት፤ «እለፍ» አለችው። አለፈ።

«ሁሌ እንዲህ ያሳይዎታል?»

«አንድ ጊዜ ግሪስ ያለበት የጣት አሻራ ገጽ መቶ አርባ ላይ ትቶልኝ ነበር። ፖሊስ ሳልጠራ ባለቤቱን አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ራሱ ነው የሚያሳየኝ።»

ምድር ቤቱ መጽሐፍ የሚዋሱበት ነው። ገና ከመግባቷ ሦስት ሰው ከበባት። አንዷ የምትፈልገውን መጽሐፍ ስም አታውቀውም፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ባለፈው ዓመት መስኮቱ ጋ የነበረ። እትዬ ጸጥታ ሳትጠይቅ ሄዳ አረንጓዴ መጽሐፍ አምጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ገልጣ አየችና «እሱ ነው!» አለች። ሁለተኛው ማመልከቻ አስነበባት፤ መነጽሩን ቤት ረስቷል። ሦስተኛው አንድ ነጠላ የመነጽር መስታወት ከተዋሰው መጽሐፍ ውስጥ አግኝቶ ሊመልስ መጣ። እሷም መሳቢያ ከፍታ ፖስታ ውስጥ ከተተችው፣ የመጽሐፉን ቁጥርና ቀኑን ጻፈችበት። መሳቢያው ሙሉ ፖስታ ነው፤ ማበጠሪያ፣ የአውቶቡስ ቲኬት፣ ያልተላከ ደብዳቤ፣ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ሳይቀር።

«የሽንኩርቱ ባለቤት ይመጣል ብለው ነው?»

«አይመጣም። ግን የት ገጽ ላይ እንደቆመች አውቄአለሁ። ከመጣች እነግራታለሁ።»

ወደ ላይ ስንወጣ እሽጉን እዚያው ትታ ሁለት እጆቿን የጋዋኗ ኪስ ውስጥ እስከ ክርን ከተተቻቸው። ኪሶቹ ጥልቅ ናቸው፤ ከጋዋኑ ሌላ ቀለም ያላቸው፣ በኋላ የተሰፉ። እንደ ጎረምሳ እጇን ኪሷ ከታ ደረጃ የምትወጣ የሃምሳ ዓመት ሴት ከዚያ በፊት አላየሁም።

ላይኛው ክፍል የማንበቢያ ክፍል ነው። ስምንት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ትልልቅ መስኮት፣ ዙሪያውን መደርደሪያ። እዚህ ያሉት በውሰት አይወጡም፤ እዚያው ተነብበው እዚያው ይቀራሉ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም፣ ቀለሙ በዕድሜ እየተላጠ፣ «ያነሡትን መጽሐፍ ወደ ቦታው ይመልሱ» ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ በደማቅ ስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «እባክዎ አይመልሱ። ጠረጴዛው ላይ ይተዉት።»

የሰማንያ አንድ ዓመቱን አዛውንት መስኮቱ ሥር አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉም «ጋሽ መምህር» ይላቸዋል። መጽሐፉን ልዘረጋላቸው ስል እትዬ ጸጥታ «ገና ነው፣ ማስቲሹ አልደረቀም» አለች። እሳቸው ሰዓታቸውን አይተው «አብሬው እቀመጣለሁ» አሉ። እኔም መጽሐፉን እንደጨመቅኩ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ሰው ሁለት እጁ ተይዞ ሲቀመጥ ከመስማት ሌላ ምን ሥራ አለው? ሁለቱን ጽሑፎች በአገጬ አመለከትኳት።

«ለየትኛው ልታዘዝ?»

«ለታችኛው» አለች። «ለላይኛው ሠላሳ ዓመት ታዘናል። እሱ ነው ጉድ ያደረገን።»

ነገሩ እንዲህ ነው።

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ላይኛው ክፍል ለስብሰባ አዳራሽ ተፈልጓል። ክፍሉ ጥቅም ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ግን አይነካም። ማረጋገጫው ቆጠራ ነው። ለአራት ሳምንት በየቀኑ፣ ቀትር ላይና መዝጊያ ሰዓት ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ መጽሐፍ ይቆጠራል። በቀን በአማካይ ስልሳ ከደረሰ ክፍሉ ይቀራል፣ ካልደረሰ ወንበሩም መደርደሪያውም ይወጣል።

«እኔ ሥራዬን አላጣም» አለችኝ። «ታች እሠራለሁ። እነዚህ ግን ወንበራቸውን ያጣሉ።» በዓይኗ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ መራችኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንገቷ ላይ መለኪያ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች፣ የሒሳብ መጽሐፍ ላይ አቀርቅራለች። ያቋረጠችውን ትምህርት ልትጨርስ ለፈተና ተመዝግባለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ የስፌት መኪናዋ፣ እሷ፣ የእህቷ አራት ልጆች። ያላት ይህ የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። «እሷን ‹ስብሰባ አለ፣ ውጪ› ልበላት?»

ቆጠራው ተጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሠላሳ አንድ ሆነ። ክፍሉ ግን ሁልጊዜ ሰው ሞልቶታል። እትዬ ጸጥታ ምስጢሩን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። አንባቢዎቿ ጨዋዎች ናቸው። ግድግዳው አሳድጓቸዋል። አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን አንሥተው፣ ወንበሩን ድምፅ ሳያሰሙ ገፍተው፣ ወደ ቦታው መልሰው ይወጣሉ። በቆጠራ ሰዓት ጠረጴዛው እንደ ተላሰ ሳህን ንጹሕ ነው።

«አስበው እስቲ» አለችኝ፤ «እርስዎ» የቀረበትን ጊዜ እኔም አላስተዋልኩትም፣ እሷም ያስተዋለችው አይመስለኝም። «ባለጌ አንባቢ ቢኖረኝ ኖሮ ክፍሉ ይተርፍ ነበር።»

ነጩን ወረቀት ለጠፈች። አነበቡት። አንብበውም መመለሳቸውን ቀጠሉ። ልብስ ሰፊዋን ስትጠይቃት «እንዴ እትዬ! አንቺ ብቻሽን ይህን ሁሉ ስትሰበስቢ እኔ እያየሁ ልሂድ? ነውር አይደለም?» አለቻት። መካኒኩ ግራ ገብቶት «እጄን ታጥቤ ነው የያዝኩት፣ ምን አጠፋሁ?» አለ። ጋሽ መምህር ደግሞ ተቆጡ።

እሳቸው እዚህ ላይ ጣልቃ ገቡ። «አልተቆጣሁም።»

«ተቆጥተዋል ጋሼ። ጠረጴዛ መትተዋል።»

«አስረድቼ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ‹ያነሣኸውን መልስ› እያልኩ ልጅ ቀጥቼ፣ ዛሬ በስተርጅና አዝረክርኬ ልሂድ? የቀጣኋቸው ልጆች ቢያዩኝ ምን ይሉኛል? ግማሾቹ እኮ አያት ሆነዋል፣ ምላሳቸው አይቻልም።»

እሷ ግን አልተወቻቸውም። በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዱን አንባቢ ለብቻ እየያዘች አስረዳች፣ ለመነች፣ አስማለች። ሁሉም እሺ አሏት። ጋሽ መምህር የመጀመሪያውን ቀን መጽሐፋቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ሲወጡ፣ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት አድርሶ እንደሚመለስ አባት ከደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ዞረው አዩት። ቢሆንም ተዉት። የሳምንቱ አማካይ ሠላሳ ስድስት። የሦስተኛው ሳምንት ይባስ ብሎ ሠላሳ አምስት።

«አሁን እብደት ጀመረኝ» አለች። «ሁሉም ‹ትቻለሁ› ይላል፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም። ጠዋት ሻይ እየጠጣን ‹እኔ የቆመ ሰው ስቆጥር እውላለሁ፣ አንቺ የተኛ መጽሐፍ መቁጠር አቃተሽ?› አለኝ። ‹ከሠላሳ አምስቱ ኋላ አንድ ዜሮ ጣል አድርጊበት› አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ስኳር እንዳለቀ አስታወሰና ወጣ።»

በዚህ መሐል አንድ ሰውዬ ራሱን በደረጃው አፍ ብቅ አድርጎ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ባለፈው የሰጡኝ የደብዳቤ አጻጻፍ መጽሐፍ ይኖራል?» አላት። ወርዳ ሰጥታው ተመለሰች። ምን ሳቅ እንዳመጣባት ስጠይቃት፣ ያ ሰው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፎ እንደነበር፣ የእርቅ ደብዳቤ የሚጻፍበትን መጽሐፍ አምጪ ብሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ። እንደዚያ ያለ ምዕራፍ አልነበረውም። «ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚጻፍ የይቅርታ ማመልከቻ» የሚለውን ሰጠችው። ቃል በቃል ገልብጦ ላከው። ወንድምየው «ክቡር ሆይ» የሚለውን ሲያነብ ከሳቁ ብዛት ኩርፊያው ጠፋበት። በሳምንቱ ሁለቱ አብረው መጥተው መጽሐፉን ያሳዩን አሏት።

«አሁን ደግሞ ለማን ሊጽፍ ነው?»

«ለአማቱ።»

የቤተ መጻሕፍት ሥራ ደመወዙ ከዚህ ጋር ተደምሮ ነው መሰለኝ የሚያኖረው። ይህን አልኳት። «ድምሩን እኔም አላውቀውም» ብላ ወደ ታሪኳ ተመለሰች።

ሦስተኛው ሳምንት ባለቀበት ቀን፣ ከመዝጊያ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ወለሉን እየወለወሉ ነበር። ከእሷ ቀድመው የተቀጠሩ፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ግን ከሥር የሚነቅሉ ሴት ናቸው። መወልወያቸውን ባልዲው ውስጥ አቁመው እትዬ ጸጥታን ጠሯት።

«ልጄ፣ ሌባውን ልንገርሽ?»

«የምን ሌባ?»

«ከጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ የሚያነሣብሽን።»

«አይተውታል? ማነው?»

«ቀኝ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ።»

አነሣች። መጽሐፍ ይዛለች።

«ግራሽን።»

ግራዋም ይዟል።

«እንደዚያ ሆኜ ቆምኩ» አለችኝ፣ ሁለት እጇን እንደ ተማረከ ሰው ሽቅብ ዘርግታ። «ከየትኛው ጠረጴዛ እንዳነሣኋቸው እንኳ አላውቅም። እማማ ጋ ለመድረስ ክፍሉን ሳቋርጥ እጄ ሥራውን ሠርቷል። ‹ሦስት ሳምንት አየሁሽ› አሉኝ። ‹ትገቢያለሽ፣ ታወሪያለሽ፣ ታነሺያለሽ፣ ትሰኪያለሽ። ከዚያ ወጥተሽ ወረቀትሽን ይዘሽ ትመጪና ባዶ ጠረጴዛ ትቆጥሪያለሽ። እኔማ መሥሪያ ቤቱ እንዲህ አድርጊ ብሎሽ መስሎኝ ነበር።›»

ጋሽ መምህር ሰባተኛውን ቅጽ ረስተው ይስቃሉ። «እኔን ከመደርደሪያ ኋላ ተደብቃ ትሰልለኝ ነበር እኮ! እኔን!»

«ይቅርታ ጠይቄዎታለሁ ጋሼ።»

«በጽሑፍ አልጠየቅሽኝም። መጽሐፉ እያለሽ።»

እጇን ማን እንዳስተማረው ነገረችኝ። ልጅ ሆና እዚህ ክፍል ስትመጣ የቀድሞው ኃላፊ፣ ኮቱን ቆልፎ የሚውል ቀጭን ሰው፣ የእጅ ጽሑፏን አይቶ የመጽሐፍ ካርድ እንድትጽፍ ቀጠራት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቀዩን ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ያስጻፈው እሱ ነው። «በዚህ ክፍል ባዶ እጁን ያለፈ ሠራተኛ ወይ አላየም፣ ወይ ሰንፏል» ይላት ነበር። ሠላሳ ዓመት ባዶ እጇን አላለፈችም። «ጡረታ ሲወጣ እጄን ጨብጦኝ፣ ሌላውን እጄን ሲያይ መጽሐፍ ይዣለሁ። በሕይወቱ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

የቀራት አንድ ሳምንት ነበር። በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ሰማችና «ጋዋንሽን አውልቂ» አለቻት። ከሰዓት በኋላ ስትመልስላት ሁለት ጥልቅ ኪስ አውጥታለታለች። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ላይኛው ክፍል ሲገባ እጅ ኪስ ይገባል፣ ሲወጣ ይወጣል። ቆጠራውን ደግሞ እማማ ያዙት። አራት ሰረዝ እየጻፉ በአምስተኛው ይሰርዙታል።

የመጨረሻው ሳምንት በቀን ሰባ አራት ሆነ። የአራቱ ሳምንት አማካይ ግን አርባ አራት።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ያለውን ላክሁ። ከጎኑ ደብዳቤ ጻፍኩ። ‹ሦስቱን ሳምንት በገዛ እጄ ሰብስቤዋለሁ፣ ጥፋቱ የአንባቢዎቹ አይደለም› ብዬ። ስጽፈው ራሱ እብድ የጻፈው ይመስል ነበር።»

በአሥረኛው ቀን አንድ ክራባት ያሰረ ሰው መጣ። ማንነቱን አልተናገረም። ላይኛው ክፍል ወጥቶ ስለ ድልድይ አሠራር የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ አወረደና ተቀመጠ። ሊያስመስል ነበር የተቀመጠው፤ ግን ድልድዩ ወሰደው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀና አላለም። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ብድግ አለ፣ ወንበሩን ድምፅ ሳያሰማ ገፋ፣ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ሰካው።

የቀረውን ጋሽ መምህር ራሳቸው ተርከውልኛል፤ ተነሥተው፣ ጣታቸውን ቀስረው። «‹ስማ አንተ!› አልኩት። ‹ምን ዓይነት ጠባይ ነው?› ደነገጠ። ‹ምን አጠፋሁ አባቴ?› ‹መጽሐፉን መለስከው!› ‹ታዲያ መመለስ…› ‹ግድግዳው ላይ ያለውን ማንበብ አትችልም? ክራባት አስረህ?› አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እንደ ተማሪ።»

«ለዚያውም» አለች እትዬ ጸጥታ፣ «የድልድዩን መጽሐፍ ንብ እርባታ ጎን ነበር የሰካው። እሳቸው ባይጮሁ ኖሮ ጠፍቶ ነበር። ያለቦታው የገባ መጽሐፍ ከተሰረቀ አይለይም።»

ሰውየው ወደ ታች ወርዶ ማን እንደሆነ ነገራት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። «ደብዳቤሽን አንብቤ አላመንኩሽም ነበር» አላት። «ሰው እንዴት በገዛ እጁ…» ብሎ ጀመረና የገዛ እጁን አየ። አራት ሳምንት ጨመረላት። ከዚያ በላይ አንድ ቀን እንደማይጨምርም ነገራት።

ከአራቱ ሳምንት ዛሬ ስምንት ቀን ቀርቷል። አማካዩ ስልሳ አንድ ነው። ሁለት ዝናባማ ቀን ቢመጣ ይወርዳል። ሰባተኛው ቅጽ ከስፌት ቶሎ መመለስ የነበረበትም ለዚህ ነው፤ አንድ መጽሐፍ አንድ ሰረዝ ነው።

ማስቲሹ ደረቀ። መጽሐፉን ለጋሽ መምህር ሰጠኋቸው፤ ገልጠው አሸተቱትና «ጫማ ጫማ ይላል» ብለው ማንበብ ጀመሩ። መዳፌ ደንዝዟል። እኔ የወሬ ሰው ብሆንም ልብ የሌለኝ ሰው አይደለሁም፤ ክፍሉን ዞር ዞር ብዬ አየሁና «እኔ አሁን አሥር መጽሐፍ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬልሽ ብሄድስ?» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ጠጠረ። «ደርድር። ከዚያ አሥሩንም አንተው ትመልሳለህ።»

«ለመርዳት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ባሌም ለመርዳት ነበር። ውሸት ክፍሉን ዛሬ ቢያተርፍልኝ፣ የሚመጣው ዓመት ደግሞ ሌላ ውሸት አምጪ ይለኛል። እኔ ደግሞ ያለኝ እጅ ሁለት ነው፤ እሱንም ኪሴ ከትቼዋለሁ።» ከዚያ ፊቷ ተመለሰ። «አንብበህ ከሆነ ግን እቆጥርልሃለሁ። አንዱን።»

ምሳዬን ከረሳሁ ቆይቼ ነበር። የድልድዩ መጽሐፍ በስህተት ተሰክቶ ወደነበረበት መደርደሪያ ሄጄ፣ በሆነ ምክንያት፣ የንብ እርባታውን አወረድኩ። ትንሽ ላገላብጥ ነበር ሐሳቤ። ለካ ንግሥቲቱ አርጅታ እንቁላል ሲያንሳት፣ ሠራተኞቹ ምንም ሁካታ ሳያስነሡ ሌላ ማሳደግ ይጀምራሉ። ለካ መንገድ የሳተች ንብ እጇ ሙሉ ከሆነ፣ ማለት እግሯ ላይ የአበባ ዱቄት ከያዘች፣ የባዕድ ቀፎ ጠባቂዎች እንኳ ያስገቧታል። ይህን ለማን ልንገር እያልኩ ሳነብ ልብስ ሰፊዋ መጽሐፏን ከድና ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ደረጃው ጋ ስትደርስ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው፣ ሄደች። መካኒኩም ሄደ። የመስኮቱ ብርሃን ከአንደኛው ጠረጴዛ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። በየጠረጴዛው ላይ የተዘጉም የተከፈቱም መጽሐፎች ተኝተዋል፤ እኔ ስገባ ያላየኋቸው ነበሩ።

እማማ ወረቀታቸውንና እርሳሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ መዝጊያው እንደደረሰ ገባኝ። አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። ጋሽ መምህር መነጽራቸውን ሲያወልቁ «ስንት ገጽ?» አልኳቸው። «አራት» አሉ በኩራት። «ዛሬ ሮጫለሁ።»

እትዬ ጸጥታ ልትሸኘኝ ከታች ወጣች፤ እጆቿ ኪሷ ውስጥ ናቸው። አመሰገንኳት፣ ጫማዬንም ካልሲዬንም ደግማ እንዳታይ እየተሽኮረመምኩ ተነሣሁ፣ ወንበሩን ድምፅ ሳላሰማ ገፋሁ። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው እማማ ጉሮሯቸውን የጠረጉት። ዞር ስል ጋሽ መምህር ጣታቸውን ቀስረዋል። ቁልቁል አየሁ። የንብ መጽሐፉ እጄ ላይ ነው፤ ፊቴም ወደ መደርደሪያው ነው።

እትዬ ጸጥታ አንድ እጇን ብቻ ከኪሷ አወጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«ተው ወንድሜ፣ እዚያው አስቀምጠው» አለችኝ። «መምጣትህ ይታይ።»